የማልያ ፍቅር፦ ስለ ተጫዋቾችና ክለቦቻቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጨዋታ አልቆ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ስንከራከር ደጋግመው የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

«የማልያ ፍቅር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለት ነገር ተቀላቅሎ ነው የሚነገረው። አንደኛው ሜዳ ላይ የሚታየው ነው፦ ላቡ፣ ሩጫው፣ 3 ለ 0 እየተመሩ እንኳ ኳስ ለመንጠቅ መሬት ለመሬት መንሸራተቱ። ሁለተኛው የተሻለ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ሲጠራ «አልሄድም» ማለት ነው። አንዱ ያለው ሰው ሌላው ላይኖረው ይችላል። ለሁለት ዓመት መጥቶ እስትንፋሱ እስኪቆረጥ ሮጦ የሚሄድ አለ፤ ውሉ ስለጣመው ብቻ አሥር ዓመት የማይነቃነቅም አለ።

እኔ የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተጫዋቹ መሄድ እየቻለ ምን ትቶ ቀረ? መሄድ የማይችል ሰው ቀረ ተብሎ አይመሰገንም። ፈላጊ የሌለውም እንዲሁ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ክለብ ብቻ የተጫወቱ እነማን ናቸው?

መጀመሪያ የሚጠራው ፓውሎ ማልዲኒ ነው። በጥር 1985 ገና በ16 ዓመቱ ለኤሲ ሚላን ተሰለፈ፤ በ2009 ጫማውን ሲሰቅል 902 ጨዋታ፣ አምስት የአውሮፓ ሻምፒዮንነትና ሰባት የጣሊያን ሊግ ዋንጫ ነበረው። አባቱ ቼዛሬ በ1963 የሚላን አምበል ሆኖ የአውሮፓን ዋንጫ አንስቷል። ልጁ ዳንኤል ደግሞ በ2020 ያንኑ ማልያ ለብሶ ለዋናው ቡድን ገብቷል። ከእሱ ቀጥሎ ፍራንቼስኮ ቶቲ አለ፤ ከ1993 እስከ 2017 ለሮማ 786 ጨዋታ፣ 307 ጎል። ራያን ጊግስ ለማንቸስተር ዩናይትድ 963 ጊዜ ተሰልፎ 13 የሊግ ዋንጫ ወስዷል። ካርልስ ፑዮል በባርሴሎና፣ ጄሚ ካራገር በሊቨርፑል ጀምረው እዚያው ጨርሰዋል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን መስፈር ግን አይገባም። ጊግስና ማልዲኒ ከነበሩበት የተሻለ የት ሊሄዱ ነበር? ዋንጫው ያለው እነሱ ቤት ነው። የቶቲ ነገር ይለያል። ሪያል ማድሪድ ሲፈልገው አልሄደም፤ በእነዚያ 24 ዓመታት ሮማ ሊጉን ያሸነፈው በ2001 አንዴ ብቻ ነው።

የድሮ ተጫዋቾች ታማኞች ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ግን ለብር ብቻ ነው የሚጫወቱት። ልክ አይደለም?

ግማሹ ታማኝነት ከሆነ ግማሹ ሕግ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው ሌላ ቦታ መጫወት አይችልም ነበር። ደመወዝም ጣሪያ ነበረው፤ በጥር 1961 እስኪነሳ ድረስ ከሳምንት 20 ፓውንድ በላይ ማንም አይከፈለውም። ክለቦች ሁሉ የሚከፍሉት እኩል ከሆነ ብር ፍለጋ ማን ቤት ይኬዳል?

የፕሬስተኑን ቶም ፊኒን እንውሰድ። ከኳሱ ጎን ለጎን የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። በ1952 የጣሊያኑ ፓሌርሞ ለፊርማ ብቻ 10 ሺህ ፓውንድ፣ ከዚያ ላይ ቪላና መኪና ይዞ መጣ። የፕሬስተን ሊቀመንበር አይሆንም አሉ፤ ወሬው እዚያው ቀረ። ፊኒ እስከ 1960 ድረስ ለፕሬስተን ተጫወተ፤ ዛሬ ከስታዲየሙ ደጃፍ ሐውልቱ ቆሟል። ክለቡን ይወድ ነበር፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ምረጥ ያለው አልነበረም።

ሰንሰለቱ የተቆረጠው በፍርድ ቤት ነው። ጆርጅ ኢስትሃም ኒውካስል አልለቅህም ሲለው ኳሱን ትቶ ቡሽ እየሸጠ ቆየ፤ ክለቡ በመጨረሻ ለአርሰናል ቢሸጠውም ክሱን አልተወም፣ በ1963 ፈረዱለት። በአህጉሩ ደረጃ በሩን የከፈተው ደግሞ ቤልጂየማዊው ዣን-ማርክ ቦስማን ነው። በ1990 ውሉ አልቆ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ሊሄድ ሲል የሊዬዡ ክለቡ የዝውውር ገንዘብ ካልተከፈለኝ ብሎ ያዘው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 ለቦስማን ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ነጻ ሰው ነው፤ ውሉ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገርም ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የሚቀር ተጫዋች በሩ ተከፍቶለት የቀረ ነው። ከፊኒ ዘመን ይልቅ የዛሬው መቅረት ይከብዳል።

የክለቡን አርማ መሳም ዋጋ አለው?

ብዙም የለውም። ዌይን ሩኒ ኤቨርተን ውስጥ ልጅ ሳለ በ2002 የወጣቶች ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ማልያውን ገልጦ «አንዴ ሰማያዊ፣ ሁሌም ሰማያዊ» የሚል ካናቴራ አሳየ። በ2004፣ በ18 ዓመቱ፣ ኤቨርተንን ትቶ ዩናይትድ ገባ። በጥቅምት 2010 ደግሞ ከዩናይትድም እሄዳለሁ አለ፤ ቀናት ሳይቆጠሩ የአምስት ዓመት ውል ፈረመ። በ253 ጎሎች የክለቡን ክብረ ወሰን ይዞ በ2017 ተመለሰ፤ ወዴት? ወደ ኤቨርተን።

አንዱ ከሃዲ ይለዋል፣ አንዱ ታማኝ። ሁለቱም የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው።

በቀድሞ ክለቡ ላይ ያገባ ተጫዋች ለምን ደስታውን አይገልጽም?

ሕግ አይደለም፣ ወግ ነው። ከሁሉ የሚታወሰው ዴኒስ ሎው ነው። 11 ዓመት ለዩናይትድ ተጫውቶ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ተሻገረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1974 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ በተረከዙ አገባ። እጁን አላነሳም፣ ፊቱ ላይ የሐዘን ዜና የሰማ ሰው ይመስል ነበር፤ ወዲያው ተቀይሮ ወጣ። ያን ቀን ዩናይትድ ወረደ። «ሎው አወረዳቸው» የሚባለው ግን ትክክል አይደለም፤ በሌሎቹ ጨዋታዎች ውጤት የተነሳ ያለ እሱ ጎልም ይወርዱ ነበር።

ጋብርኤል ባቲስቱታ ፊዮሬንቲና ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሮማ ገባ። በኅዳር 2000 በፊዮሬንቲና ላይ ከሩቅ መትቶ ሲያገባ ጓደኞቹ ሊያቅፉት ሮጡ፤ እሱ ያለቅስ ነበር። ፍራንክ ላምፓርድም ለቼልሲ 211 ጎል ካገባ በኋላ በ2014 ለሲቲ ተቀይሮ ገብቶ ቼልሲ ላይ አገባና ዝም ብሎ ቆመ። ኢማኑኤል አደባዮር ደግሞ በ2009 በአርሰናል ላይ አግብቶ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ የአርሰናል ደጋፊዎች ፊት በጉልበቱ ተንሸራተተ። አሁን አሁን ወጉ ረክሷል። በውሰት ስድስት ወር ብቻ የቆየውም ልክ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው እጁን አጣምሮ ይቆማል።

ክለቡ ሲወርድ አብሮ የሚወርድ ኮከብ ተጫዋች አለ?

አለ፤ የማልያ ፍቅር ከየትኛውም ቦታ በላይ የተፈተነውም እዚህ ነው። ሐምሌ 2006 ጣሊያን በርሊን ላይ የዓለም ዋንጫን አነሳች። ቡድኑ ውስጥ አምስት የዩቬንቱስ ልጆች ነበሩ፤ ተሸናፊዋ ፈረንሳይም የዩቬንቱስ ሰዎች ነበሯት። ዋንጫው ከተነሳ ሳምንት ሳይሞላ ዩቬንቱስ ከዳኞች ምደባ ጋር በተያያዘው ቅሌት ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ወደ ሴሪ ቢ፣ እንዲወርድ ተፈረደበት፤ የ2005ና የ2006 የሊግ ዋንጫዎችም ተነጠቁ።

ከዚያ ገበያው ተከፈተ። ካናቫሮና ኤመርሰን ሪያል ማድሪድ ገቡ። ዛምብሮታና ቱራም ወደ ባርሴሎና፣ ኢብራሂሞቪችና ቪየራ ወደ ኢንተር ሄዱ። ቡፎን፣ ዴል ፒዬሮ፣ ኔድቬድ፣ ትሬዜጌና ካሞራኔዚ ቀሩ። በመስከረም የመጀመሪያው ጨዋታ ሪሚኒ ላይ ነበር፤ 1 ለ 1 ወጡ። የዓለም ሻምፒዮን በረኛ ከሁለት ወር በኋላ ሪሚኒ ላይ ጎል ተቆጠረበት ማለት ነው። ዴል ፒዬሮ በዚያ ዓመት በ20 ጎል የሴሪ ቢ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፣ በዓመቱ ደግሞ በ21 ጎል የሴሪ አ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዴል ፒዬሮ ነው። ለእኔ ግን የቡፎን ይበልጣል። ዴል ፒዬሮ 31 ዓመቱ ነበር፣ ቤቱም ቱሪን ነው። ቡፎን 28 ዓመቱ፣ በዓለም ላይ ከእሱ የተሻለ በረኛ የለም የሚባልበት ሰዓት ላይ ነበር፤ የፈለገው ቦታ ይገባ ነበር። ባቲስቱታም ቢሆን መረሳት የለበትም፤ በ1993 ፊዮሬንቲና ሲወርድ የ24 ዓመት ወጣት ነበር፣ አብሮ ወርዶ አብሮ ተመለሰ፤ በ1994/95 በ26 ጎል የሴሪ አ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

ለክለብ ታማኝ መሆን ዋንጫ ያሳጣል?

ብዙ ጊዜ፣ አዎ። አለን ሺረር በ1996 በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በነበረ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ብላክበርንን ሲለቅ ዩናይትድም ይፈልገው ነበር። እሱ ግን የተወለደበትን ከተማ ኒውካስልን መረጠ። 206 ጎል አገባ፤ እዚያ ግን ዋንጫ የሚባል ነገር አላየም። እነ ጊግስ በየዓመቱ ሜዳሊያ ሲያጠልቁ እሱ ቁጭ ብሎ አየ።

ሃሪ ኬን ሌላኛው ነው። ቶተንሃም ውስጥ አድጎ 280 ጎል አገባ፣ በ2021 ወደ ሲቲ ልሂድ ቢል አልለቀቁትም፣ በ2023 ባየርን ሙኒክ ሄደ። በግንቦት 2025 በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ትልቅ ዋንጫ፣ ቡንደስሊጋውን፣ ወሰደ። ቶተንሃም ደግሞ በዚያው ወር ቢልባኦ ላይ ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ዩሮፓ ሊግን አነሳ። ኳስ አንዳንዴ እንዲህ ታሾፋለች።

ሁልጊዜ ግን አያሳጣም። ጂጂ ሪቫ የሰሜን ጣሊያን ልጅ ነው፤ ወደ ሰርዲኒያ ደሴት ሄዶ ለካልያሪ ፈረመ፣ ዩቬንቱስ ደጋግሞ ቢጠራውም እምቢ አለ። በ1970 ካልያሪ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ሆኖ አያውቅም። ሪቫ ኳስ ካቆመ በኋላም ደሴቷን አልለቀቀም፤ በጥር 2024 እዚያው ካልያሪ አረፈ።

ልጅ ሳለ የተቀናቃኙ ክለብ ደጋፊ የነበረ ተጫዋች እውነተኛ ታማኝ ሊሆን ይችላል?

ካራገር ሲያድግ የኤቨርተን ደጋፊ ነበር፤ የቀለጠ ደጋፊ። ለሊቨርፑል 737 ጊዜ ተሰለፈ። ኬን በልጅነቱ አርሰናል አካዳሚ ገብቶ የተባረረ ነው። የልጅነት ድጋፍ አባት ወይም ሰፈር የሚሰጠው ነው፤ ተጫዋችነት ግን ሥራ ነው፣ ሥራውን ደግሞ አክብሮ የሚሠራና የማያከብር አለ። ደጋፊ ስለነበረ ብቻ የተሻለ የተጫወተ ሰው አላየሁም።

አንዴ ለመሄድ ያሰበ ተጫዋች ታማኝ ሊባል ይችላል?

ስቲቨን ጄራርድ ላይ የሚነሳው ክርክር ይህ ነው። ግንቦት 2005 ኢስታንቡል ላይ የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ፤ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የሊቨርፑልን አዲስ ውል አልቀበልም አለ። ቼልሲ በር ላይ ቆሞ ነበር። ደጋፊዎች ስሙ ያለበትን ማልያ አቃጠሉ። ጄራርድ አንድ ሌሊት አደረና ሐሳቡን ቀይሮ ቀረ። እስከ 2015 ድረስ አሥር ዓመት ተጫወተ፣ ሊጉን ሳይወስድ። በ2014 ዋንጫው እጁ ላይ ሊገባ ሲል አንፊልድ ላይ አንሸራተተው፤ ያንሸራተተው ደግሞ ከማን ጋር ሲጫወት ነው? ከቼልሲ ጋር።

እኔ ካላሰበው ይልቅ አስቦ የቀረውን አምነዋለሁ። ያላሰበ ሰው ምን እንደተወ አያውቅም። ደጋፊ ግን «ለመሄድ አስቦ ነበር» የሚለውን አይረሳም፤ ትዳር ውስጥም እንዲሁ ነው ይላሉ።

ወደ ተቀናቃኝ ክለብ መሄድ ክህደት ነው?

አካሄዱ ይወስነዋል። ሉዊስ ፊጎ በ2000 ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሻገር ነገሩ የተጀመረው በምርጫ ነው፤ ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ፕሬዚዳንት ከሆንኩ ፊጎን አመጣለሁ ብሎ ተወዳደረና አሸነፈ። ውሉ ላይ የተጻፈው ማፍረሻ፣ ወደ 60 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ተከፈለ። በኅዳር 2002 ካምፕ ኑ ላይ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል ጠርሙስ ወረደበት፤ የአሳማ ጭንቅላትም ተወረወረ፣ ጨዋታው ለደቂቃዎች ተቋረጠ።

ሶል ካምቤል ደግሞ የቶተንሃም አምበል ነበር። በ2001 ውሉ አልቆ በነጻ ወደ አርሰናል ሄደ። ቶተንሃም ሳንቲም አላገኘም፤ ደጋፊዎቹ «ይሁዳ» የሚል ስም ሰጡት። ካምቤል በ2004 ከአርሰናል ጋር ሊጉን ሳይሸነፍ ሲወስድ ዋንጫው የተረጋገጠው በቶተንሃም ሜዳ ላይ ነው።

የሁለቱ ልዩነት ገንዘቡ ነው። ፊጎ ሲሄድ ባርሴሎና ሙሉ ካዝና ተቀበለ። ገንዘቡን በኦቨርማርስና በፔቲ ላይ ማፍሰሱ የፊጎ ጥፋት አይደለም። (ሻጩ አርሰናል ነበር፤ የአርሰናል ደጋፊ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል።) ካምቤል ግን መብቱን ተጠቅሞ ያሳደገውን ክለብ ባዶ እጁን ጥሎት ሄደ። በሕግ ንጹሕ ነው። የቶተንሃም ሰው ብሆን ግን እኔም ሰላም አልለውም ነበር።

ክለቦችስ ለተጫዋች ታማኝ ናቸው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ከአሥር ደጋፊ አንዱ ነው፤ መቅደም የነበረበት ግን እሱ ነበር። ዴል ፒዬሮ ሴሪ ቢ አብሮ ወርዶ ዩቬንቱስን ያወጣ ሰው ነው። በጥቅምት 2011 የክለቡ ፕሬዚዳንት ባለ አክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ይህ ዓመት የመጨረሻው እንደሚሆን ተናገሩ፤ ለባለ አክሲዮን ሪፖርት ሲቀርብ፣ በመሐል፣ እንደ አንድ የሒሳብ ተራ። ኢከር ካሲያስ ከልጅነቱ ጀምሮ በሪያል ማድሪድ አድጎ 725 ጨዋታ አድርጓል። በሐምሌ 2015 ስንብቱን ያደረገው ጋዜጠኞች ፊት ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ከወረቀት እያነበበ፣ እያለቀሰ ነው። የክለቡ ባለሥልጣን አጠገቡ አልነበረም።

ሊዮኔል ሜሲ በ2020 ከባርሴሎና ልሂድ ብሎ ደብዳቤ ሲልክ ከሃዲ ተባለ። በ2021 ልቅር ሲል ደግሞ ክለቡ በሊጉ የደመወዝ ገደብ ምክንያት ሊያስመዘግበው አልቻለም፤ 778 ጨዋታና 672 ጎል በመሐረብ እንባ ተሸኘ። ተጫዋቹን የከዳው ሰው የለም ይባል ይሆናል፤ ግን ያንን ሁሉ ዕዳ ሜሲ አላከማቸውም።

ደጋፊም ነጻ አይደለም። ማልዲኒ በግንቦት 2009 ሳን ሲሮ ላይ የመጨረሻውን ጨዋታ ጨርሶ ሜዳውን ሲዞር ከራሱ የሚላን ደጋፊዎች ጎራ ፉጨት ተሰማ፤ የሚነቅፍ ጽሑፍም ተሰቀለ። ከአክራሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ስለማያውቅ ነው። 902 ጨዋታ!

ውል ያለው ተጫዋች ክለቡ ሳይፈልገው ሲቀር ለብቻው እንዲለማመድ የሚደረግበት ጊዜም አለ። ከዋናው ቡድን ያወጡታል፣ ቁጥሩን ለሌላ ይሰጡበታል፣ ተሰላችቶ ራሱ እንዲሄድ። ያኔ «ክለቡ ከዳው» የሚል ዜና አናነብም፤ «ለመልቀቅ ፈቃደኛ አልሆነም» ነው የሚባለው።

የእኛ ሊግ ተጫዋቾች ለምን በየክረምቱ ክለብ ይቀያይራሉ?

ውሉ አጭር ስለሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈረመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ ክረምት ሲገባ የቡድኑ ግማሽ ውሉ ያልቃል። አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ የለመዳቸውን ልጆች ይዞ ይመጣል። ብዙዎቹ ክለቦች የመሥሪያ ቤት ወይም የከተማ አስተዳደር ናቸው፤ በጀት ሲጎድል መጀመሪያ የሚነካው ኳሱ ነው። ደመወዙ ወራት የዘገየበትን ልጅ ስለ ማልያ ፍቅር መስበክ ደግሞ ነውር ነው። አከራይ ማልያ አይቀበልም።

ታማኝነት ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። መንግሥቱ ወርቁን ያስታውሷል፤ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ በፍጻሜው ያገባ፣ ስሙም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ተጣብቆ የቀረ ሰው ነው። በቅርቡ ደግሞ አቡበከር ናስር አለ። በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና በአንድ ዓመት 29 ጎል አገባ፤ በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ከቡና ደጋፊ «ከዳን» የሚል ቃል እኔ አልሰማሁም፤ ውጭ መሄድ ለእኛ ምርቃት ነው። ወደ ጊዮርጊስ ተሻግሮ ቢሆን ግን፣ ኧረ እሱን ተዉት።

አዲስ አበባ ተቀምጠን የአርሰናልን ተጫዋች «ከዳን» ማለት እንችላለን?

ስለ ሮቢን ቫን ፐርሲ የማይነሳበት ሳምንት የለም። በ2011/12 በሊጉ 30 ጎል አገባ፤ በክረምቱ ውሌን አላራዝምም ብሎ በይፋ ጻፈ፤ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ዩናይትድ ገባ። በሄደበት ዓመት በ26 ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ይባስ ብሎ በሚያዝያ 2013 ዩናይትድ ሻምፒዮንነቱን አረጋግጦ ወደ አርሰናል ሜዳ ኤሚሬትስ ሲመጣ የአርሰናል ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አጨበጨቡለት። እሱም በፍጹም ቅጣት ምት አገባባቸው፤ 1 ለ 1 አለቀ።

በእኔ ሚዛን ስለካው ቫን ፐርሲ ምንም ትቶ አልቀረም፤ ስለዚህ ታማኝ አልነበረም። ከሃዲ ግን ማለት ይከብዳል፤ ስምንት ዓመት ሠርቷል፣ በጉዳት የተቆራረጠ ቢሆንም፣ ክለቡም ገንዘቡን ቆጥሮ ነው የሸጠው። እኛን የሚለየን ተጫዋቹ መኖራችንን አለማወቁ ነው። የሰሜን ለንደን ደጋፊ ትኬት ይገዛል፤ እኛ ለአንድ ጨዋታ መግቢያ ከፍለን፣ አንድ ለስላሳ ይዘን፣ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይን ነው የምናየው። ቁጣው ግን አንድ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ መንሳቱም።

ከመርካቶ የገዛሁት 10 ቁጥር ማልያው ነበረኝ። የሄደ ለት ስሙን በምላጭ ልፍቀው ተነሳሁ፤ ሦስት ፊደል ካነሳሁ በኋላ ጨርቁ መቀደድ ጀመረ፣ ተውኩት። ግማሽ ስም ይዞ አሁንም ቁምሳጥን ውስጥ አለ፤ ቤት ሳጸዳ እለብሰዋለሁ።